ዳቦ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው የቫልዴማር ፎቶ

ልጄ ቫልዴማር ተከላካይ ሆኖ በተጫወተባቸው ዓመታት ሁሉ ከፍ ብላ የመጣች ኳስ የእሱ ነበረች። በቴስታ ሳይመታ አንድም አያሳልፍም። ሰው ሲያጨበጭብለት እኔ ስለ ጭንቅላቱ እጨነቅ ነበር። ጫማውን የሰቀለው በግንቦት ነው፤ በሰኔ ራስ ምታት ጀመረው። ሐኪሙ ጭንቅላቱን በማሽን ካነሳው በኋላ «ውጤቱን ሐሙስ መጥተህ ውሰድ» አለው።

ሐሙስ ጠዋት ብቻውን ወደ ፖርቶ ሄደ። ቀትር አልፎም ስልኩን አያነሳም። እኔ ክፉ ለማሰብ ጊዜ አይፈጅብኝም። ዓሣ አጥማጁ ባሌ ባሕር ላይ በዘገየ ቁጥር ስንቴ ቀብሬዋለሁ! ይኸው ዛሬም ኩሽና ቆሞ ሰርዲን ይጠብሳል።

ቤት መቀመጥ አቃተኝና ዳቦ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። በእኛ ሰፈር በካሺናስ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩም መቼ እንደሆነ የምናውቀው ሱቆች በር ላይ ከሚለጠፈው ፎቶ ነው። የኤርሜሊንዳን ዳቦ ቤት በር ከመንገዱ ማዶ አየሁት። ሰሞኑን ከሞተው መረብ ጠጋኝ ጎን፣ ጥቁር ጠርዝ ባለው ወረቀት ላይ፣ ቫልዴማር ፈገግ ብሏል።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ልጄን! ለእናቱ እንኳ ሳይነገራት!»

ኤርሜሊንዳ ዱቄት በነካው እጇ ሮጣ መጣች። «ሉሲንዳ! ምን ሆንሽ?»

«እኔን ሳታረዱኝ ትለጥፋላችሁ?»

ዞር ብላ አየችና ገባት። «ኧረ በድንግል! ምነው ብታነቢው? እሁድ የስንብት ጨዋታ ይላል!»

ክለቡ እንዲህ ያለ ነገር እንዳሰበ ሰምቼ ነበር፤ በውጤቱ ጭንቀት ከአእምሮዬ ወጥቷል።

«ጥቁሩስ ታዲያ?»

«የክለባችን ማሊያ ጥቁር አይደል? ያተመው ደግሞ ቀብር አስፈጻሚው ኦርላንዶ ነው። እሱ ከሬሳ ሌላ ምን አትሞ ያውቃል?»

ዳቦ የያዘ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ አለልኝ። «አይዞሽ፣ ሟቹ እሁድ ራሱ እገኛለሁ ብሏል።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ግን ስልኩ አሁንም አይነሳም፤ ከመሬት ለመነሳት አቅም አጣሁ።

እንደተቀመጥኩ ቫልዴማር ከባቡር ጣቢያው በኩል መጣ።

«እማ! መንገድ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምን አሉህ?»

«ምንም የለም። ጤነኛ ነኝ። ግን ከእንግዲህ ቴስታ የሚባል ነገር የለም፤ አንዲትም።»

«ስልክህስ?»

«ሐኪሙ ጋ ስገባ ድምፁን ዘጋሁት፣ ከዚያ ረሳሁት።»

ልመታው እጄን አነሳሁና አቀፍኩት።

እሁድ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን የተሻማች ኳስ በቀጥታ ወደ ቫልዴማር መጣች። ሕዝቡ ብድግ አለ። ልጄ ዝቅ ባለ በር እንደሚያልፍ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ አሳለፋት። ከኋላው የነበረው አጥቂ አገባት።

«ምነው፣ ፀጉርህ እንዳይበላሽ ነው?» ብሎ አንዱ ጮኸ። ፉጨቱ ቀለጠ። እኔ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ።

ባሌ ቀሚሴን ጎተተኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ የገባው እኮ እኛ ላይ ነው!»

«አውቃለሁ» አልኩት፤ ማጨብጨቤን ግን አላቆምኩም።