ለሻምበል የተላኩ ሽማግሌዎች

መምህር ገብረወልድን ከገዛ ሳሎኑ ያስወጣችው ፍየል ናት።

ነገሌ ቦረና ውስጥ ጅብ የማይዞርበት ሰፈር የለም። የእነ ገብረወልድ ሰፈር ጅብ ግን ከሌሎቹ የሚለየው ለአጥር ክብር የሌለው መሆኑ ነው። የበልጉ ዝናብ ያላላውን የእሾህ አጥር ገፍቶ ገባና ሁለት ፍየል ይዞ ሄደ። የገብረወልድ ሚስት ወለተሐና አላለቀሰችም፣ አልተራገመችም። በማግስቱ አመሻሽ ላይ የተረፉትን ፍየሎች ከበረት አውጥታ፣ እንደ ክቡር እንግዳ በፊት ለፊቱ በር አስገባቻቸው።

"ወለተሐና፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ላሳድራቸው ነዋ።"

"ሳሎን ውስጥ?"

"መኝታ ቤት ይሻልሃል?" አለችና ነጠላዋን አጠበቀች። "ውሻ አምጣ ካልኩህ ዓመት ሊሞላው ነው። 'ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ' ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ጅቡ ከሄደ በኋላ የምትጮኸው አንተ ብቻ ነህ። ትልቅ ውሻ አምጣ። ጅቡ ሲያየው 'ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው' ብሎ የሚመለስለት። እሱ እስኪመጣ እነዚህ ከዚህ አይወጡም።"

ገብረወልድ የሚሳሳለት ነገር ቢኖር ያ ሳሎን ነበር። ከሀዋሳ በአይሱዙ ያስመጣው ቡናማ ሶፋ አለበት፤ እንዳይቆሽሽ ብሎ ላስቲኩን እንኳ አላወለቀለትም። ነጪት የምትባለዋ አሮጊት ፍየል በመጀመሪያው ምሽት ሳሎኑን ዞር ዞር ብላ ቃኘችና ከቴሌቪዥኑ ትይዩ ያለውን፣ የአባወራውን ቦታ መረጠች። ዜና ሲጀምር እያመሰኳች ታያለች። ስለ ኑሮ ውድነት ሲነገር ማመስኳቷን ቆም ታደርጋለች። ገብረወልድ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ያያታል።

በሳምንቱ የዘጠነኛ ክፍልን የጂኦግራፊ ፈተና በላች፤ ሁሉንም ሳይሆን ግማሹን። ገብረወልድም ምን ያድርግ፣ ወረቀታቸው ለተበላባቸው ተማሪዎች ሙሉ ማርክ ሰጠ። ወሬው በአንድ ቀን ትምህርት ቤቱን አዳረሰ። በቀጣዩ ፈተና ተማሪዎቹ ወረቀታቸውን በጨው ውኃ እያሹ ያስረክቡ ጀመር።

እንግዲህ ውሻ ፍለጋው እዚህ ላይ ነው የተጧጧፈው። ገብረወልድ የተማረ ሰው ነውና በቴሌግራም ጀመረ። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ "ንጹሕ የጀርመን ዘር፣ ክትባቱን የጨረሰ" ብሎ ለጥፏል። ዋጋው ሲታይ ውሻው ትምህርቱንም የጨረሰ ይመስላል። ቢሆንም ገብረወልድ ጠንቃቃ ነው፤ "እናቱን አሳየኝ" ብሎ ጻፈ። ነጋዴው የእናትየውን ፎቶ ላከለት፤ ከኋላዋ እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ ይታያል። "በረዶው አዲስ አበባ የት ሰፈር ነው?" ብሎ ቢጠይቅ ነጋዴው ብሎክ አደረገው።

ቀጥሎ ወደ ሜጋ ከተማ የሚመላለስ አንድ ሾፌር በጃኬቱ ኪስ ቡችላ ይዞለት መጣ። "የኬንያ ዘር ነው፤ ሲያድግ ወይፈን ያክላል" አለው። ቡችላው አደገ፤ አድጎም ፔርሙዝ አከለ። ጅቡ የጮኸ ዕለት ነጪት ሆድ ሥር ገብቶ እስኪነጋ አልወጣም። አሁን ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ነው፤ ደንበኛ ያጫውታል።

ከዚያ ዶሎ ኦዶ እርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ጓደኛው ደወለለት፦ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚተወው፣ አንበሳ የሚያክል ውሻ አለ፤ በነጻ ነው። ገብረወልድ ሊሳፈር ሻንጣ ሲያዘጋጅ ጓደኛው መልሶ ደወለ። "አንድ ነገር ረስቼ ነው። ውሻው ያለ ኤሲ አይተኛም።" ገብረወልድ ራሱ ኤሲ ያየው አንዴ፣ ባንክ ቤት ነው። ሻንጣውን መልሶ አስቀመጠ።

መላ ያገኘለት ባለሱቁ ዓብዱልሀኪም ነው። ዓብዱልሀኪም ስኳርም ጎማም ይሸጣል፤ ምላሱ ግን ከስኳሩ ይልቅ ይጣፍጣል ይባልለታል።

"መምህር፣ የአንተ ችግር ምን መሰለህ? ሚስት ሲሆን ዘር ማንዘሯን ትጠይቃለህ፤ ውሻ ሲሆን ከኪስ አውጥቶ የሚሰጥህን ታምናለህ። እኔ ውሻ አልነካም፤ ሰው ግን አውቃለሁ። ሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል ዘንድ ሂድ። የውሾቹን አያት ቅድመ አያት ስም ይነግርሃል።"

ሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ከተማው ዳር ግራር ሥር ይኖራሉ። ለውሾቻቸው ማዕረግ ይሰጣሉ። አባትየው ጄኔራል ነው፣ እናቲቱ ኮሎኔል ናት፤ ለአቅመ ጥበቃ የደረሰችው ልጃቸው ደግሞ ሻምበል ትባላለች። ሦስቱም በማዕረግ ስለሚበልጧቸው ሃምሳ አለቃ ጠዋት ጠዋት ከቤት ሲወጡ ለውሾቻቸው ሰላምታ ይሰጣሉ። ግቢው ሲከፈት ገብረወልድ ሻምበልን አያት፤ የአህያ ውርንጭላ የምታክል፣ አንገቷ የበርሜል ወገብ የሚመስል።

"ሃምሳ አለቃ፣ ይህችን ስንት ይሸጡልኛል?"

ሃምሳ አለቃ ፊታቸው ተለዋወጠ። "ምን አልክ?"

"ማለቴ… ዋጋዋ…"

"እኔ ውሻ አልሸጥም!" አሉ። "እድራለሁ። ጨዋ ከሆንክ ሽማግሌ ላክ።" በሩም ተዘጋ። ከበሩ ኋላ ሻምበል አንድ ጊዜ ጮኸች፤ የገብረወልድ የሸሚዝ ቁልፎች ተንቀጠቀጡ። ዋጋ አለመጠየቃቸው ደስ አሰኘው። ይልቅ የከበደው ነገሩን ለሚስቱ መንገር ነበር።

"ሽማግሌ?" አለች ወለተሐና። "ስንት ትልካለህ?"

"ሁለት ይበቃል መሰለኝ።"

"እኔን ስትጠይቅ የላክኸው አንድ ነበር። እሱም አጎትህ ነው። እሱም ሰክሮ የጎረቤታችንን ልጅ ጠይቆ ነው የተመለሰው።"

"ወለተሐናዬ፣ ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ልምድ አልነበረኝም…"

"አሁን በውሻ ትለማመዳለህ!" አለችና ከነጪት አጠገብ ተቀመጠች። ሁለቱም እኩል አዩት።

ሽማግሌዎቹ ዓብዱልሀኪምና አረሮ ሆኑ። አረሮ የታወቀ የከብት ደላላ ነው፤ ቦረና ውስጥ እሱ ያላስማማው ገዢና ሻጭ የለም። ጠያቂው አብሮ አይሄድምና ገብረወልድ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን አቆመ።

"ናጋ?" አለ አረሮ ሲገባ፣ በቦረና ወግ ሰላም እየጠየቀ።

"ናጋ" አሉ ሃምሳ አለቃ።

"ከብቱ ናጋ?"

"ከብት የለኝም።"

"ይኑርህ አይኑርህ አልጠየቅሁም። ሰላም ነው?"

"…ሰላም ነው።"

"ግመሉስ?"

የሌለው ግመልም፣ የሌለው በግም፣ ያልዘነበው ዝናብም ሰላም መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ሃምሳ አለቃ "ተቀመጡ" አሉ። ዓብዱልሀኪም ጉሮሮውን ጠረገ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። እኛ ከደጅዎ የቆምነው ዘመድ ሊሆንዎ የሚፈልግ፣ የተማረ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ልኮን ነው። ሻምበልን ለቤቱ ጠባቂ እንዲሰጡት ነው ልመናችን።"

"ቆይ" አለ አረሮ። "መጀመሪያ ጎሳ። ሰቦ ናት ጎና?"

"ምን?" አሉ ሃምሳ አለቃ።

"ቦረና ሁለት ነው። ሰቦ ከጎና ይወስዳል፣ ጎና ከሰቦ። አንድ ከሆኑ አይሆንም፣ ነውር ነው።"

"አባ አረሮ፣ እኛ የመጣነው ለጥበቃ ነው እንጂ ለ…" ሲል ዓብዱልሀኪም በሹክሹክታ፣ አረሮ እጁን አነሳ። "ሽማግሌ አይደለንም? ሽማግሌ ከሆንን በሥርዓቱ ነው። ሥርዓት ካልሆነ እኔ ገበያ አለኝ።"

ሃምሳ አለቃም በሥርዓት ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። ራሳቸውን አከኩ። "ኮሎኔልን ያመጣኋት ከአንድ የሰቦ ሰው ቤት ነው።"

"ኤዬ! ሰቦ ናት። እንግዲያው መምህሩ ጎና ነው" ብሎ አረሮ ወሰነ። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ያደገው ገብረወልድ፣ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ፣ ሳይጠየቅ ጎና ሆነ።

"እሺ፣ ምን ትበላለች?" አሉ ሃምሳ አለቃ።

እዚህ ላይ የዓብዱልሀኪም ምላስ ሞቅ አላት። ዓብዱልሀኪም ብዙ ልጃገረዶችን ለብዙ ጎረምሶች ጠይቋል፤ አፉ አንዴ መንገዱን ከያዘ የሚጠየቀው ሰውም ይሁን ውሻ አይለይም። "እሱ የሚበላውን ትበላለች! እሱ ከተቀመጠበት ትቀመጣለች! ክፉ ቃል ከጆሮዋ አይገባም፣ እንጨት አትለቅም፣ ውኃ አትቀዳም!"

"የት ታድራለች?"

"ሳሎን!"

ከአጥሩ ውጭ ገብረወልድን ሳል ያዘው። ዓብዱልሀኪም ሳሉን እንደ ማበረታቻ ወሰደው። "ሶፋ ላይ!"

"መንግሥት ቢያዛውረውስ?"

"ተሸክሟት ይሄዳል!"

"ሚስቱ ብትጠላትስ?"

ዓብዱልሀኪም ወደ አረሮ ዞረ። አረሮ ገባለት። "ሚስት ሌላ እንፈልግለታለን። እንዲህ ያለ ሰሬ ግን ከየት ይገኛል?" አለ፣ በኦሮምኛ ውሻዋን እያሞገሰ።

ሃምሳ አለቃ ቆመው አሰቡ። "ቃላችሁ ጥሩ ነው። ቤቱን ሳላይ ግን አልድርም። እሁድ ከሰዓት እመጣለሁ።"

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገብረወልድ ሚስቱን ለመናት። "እባክሽ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ፍየሎቹን እናውጣ። ሰውዬው ይህን ካየ ጉድ ነው፤ ውሻዋም ቀረች።"

"ውሻዋ ስትገባ ፍየሎቹ ይወጣሉ። ቃሌ ነው።"

"እነሱ ካልወጡ እኮ እሷ አትገባም!"

"የእኔ ጭንቀት አይደለም። ሽማግሌ ላክባቸው።"

ሃምሳ አለቃ የተተኮሰ ካኪያቸውን ለብሰው፣ ሜዳያቸውን ደርድረው መጡ። ሻምበል በግራቸው እርምጃ ጠብቃ ትሄዳለች። ከኋላ ዓብዱልሀኪም ከውሻዋ ሰፋ ያለ ርቀት ጠብቆ፣ አረሮ ደግሞ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ተከተሉ። በሩ ተከፈተ። ነጪት ሶፋው ላይ ናት። ሌሎቹ ምንጣፉ ላይ ናቸው። አንዷ ከመጋረጃው የተረፈውን ትጨርሳለች።

ገብረወልድ ላብ አጠመቀው። "ሃምሳ አለቃ፣ ይህ ነገር… ለጊዜው ነው… እንዴት እንደሆነ ላስረዳዎት…"

"ዝም በል" አሉ ሃምሳ አለቃ።

ሻምበል ገመዷን ከእጃቸው መንጭቃ ገባች። ሳሎኑን ቃኘች። ከዚያ ሶፋው ላይ ወጥታ ከነጪት ጎን ተጋደመች፤ ላስቲኩ ሲጥ አለ። ነጪት አሸተተቻትና ማመስኳቷን ቀጠለች። ሃምሳ አለቃ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"መምህር፣ ብዙ ሰው ደጄን መትቷል። ሁሉም 'እንደ ልጄ አያታለሁ' ይላል። ስመጣ ጓሮ የታሰረ ሰንሰለት ነው የማየው። ፍየል እንኳ ሶፋ ላይ የሚያሳድር ቤት ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። የምሳሳላትን ልጄን ሰጥቼሃለሁ።"

"እልልል!" አለች ወለተሐና፣ ሳታስበው።

"አንድ ነገር ብቻ" አሉ ሃምሳ አለቃ። "ከእነዚህ አትለያት። ታያለህ፣ ለመደቻቸው። በየእሁዱ መጥቼ አያታለሁ፤ ብቻዋን ያገኘኋት ቀን ይዣት እሄዳለሁ።"

ገብረወልድ በልቡ አሰላው። ፍየሎቹን ካወጣ ውሻዋ ትሄዳለች፤ ውሻዋ ከሄደች ፍየሎቹ ይመለሳሉ። ነገሩን ከዚህም ከዚያም ቢያገላብጠው ሶፋው ላይ የምትቀረው ነጪት ናት። ወለተሐናን አያት፤ ወለተሐና ጣሪያውን አየች።

"እንግዲያው ውለዱ፣ ክበዱ!" ብሎ ዓብዱልሀኪም መረቀ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልገለጸም። አረሮ "ናጋ ይሁን" አለና ምራቁን እንትፍ አድርጎ ባረከ፤ ምርቃቱ ገብረወልድ መነጽር ላይ አረፈ።

ጅቡ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩን ለቀቀ። ሻምበል በሳሎኑ መስኮት አንዴ ብቻ ነው ያየችው፤ አንዴ በቃው። ፍየሎቹ ወፈሩ፣ ወተት በዛ፣ ወለተሐና ለጎረቤት ሁሉ እየሰጠች ተመሰገነች። ገብረወልድ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባዶውን በረት ጠረገ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ አያፈስም። ጠረጴዛና ወንበር አስገባ፣ ግድግዳው ላይ የአፍሪካን ካርታ ሰቀለ።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃ ለጉብኝት መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው ለሻምበል ሰላምታ ሰጡ፤ ሶፋው ላይ ቦታ ስላልነበረ በርጩማ ቀረበላቸው። ወተት እየጠጡ ዙሪያውን ተመለከቱ።

"መምህሩ የት ሄደ?"

"ኧረ አለ፣ በረት ነው" አለች ወለተሐና። "እሱ እዚያ ይመቸዋል።"

ገብረወልድ ከበረቱ ሆኖ ሰማት። ሊመልስላት ከወንበሩ ተነሳ፣ እስከ በሩም ሄደ። ከሳሎኑ የቴሌቪዥን ድምፅ፣ የሃምሳ አለቃ ሳቅና የፍየል ጩኸት ይመጣል። እዚህ ውስጥ ግን ዝንብ እንኳ የለም። ትንሽ ቆሞ አዳመጠ፤ ከዚያ በሩን ቀስ ብሎ ከውስጥ ቀረቀረው።