የቻክ ጠማማ አፍንጫ

አዲሱ ዓመት ሲብት በማያዎች ከተማ በማያፓን ሰው አሮጌ የሸክላ ዕጣን ማጨሻውን ሰብሮ በአዲስ ይተካል። ሸክላ ሠሪዋ ኢሽኩኩም ግን ዘንድሮ አሮጌውን መስበር ጨንቋታል። ባሏ ናፑክ ከመሞቱ በፊት የሠራው የመጨረሻው ነው። በላዩ የዝናብ አምላኩ የቻክ ፊት አለ፤ ረጅሙ አፍንጫ ወደ ግራ ተንጋዷል። ናፑክ ጭቃው ሳይደርቅ በክርኑ ገጭቶት፣ "ተይው፣ ከደመና ጋር ተላትሞ ነው" ብሎ እየሳቀ እንደተንጋደደ ተኮሰው። በዚያ ዓመት በቆሎው ከሰው ቁመት በለጠ።

አሁን ካህኑ ኡክ አዲስ ማጨሻ አዘዋታል። እሷ የማጨሻውን ገላ እንጂ ፊቱን ሠርታ አታውቅም፤ ፊት የናፑክ ሥራ ነበር።

"ዛሬም ታቅፈሽው ተቀመጥሽ?" አለቻት አማቷ ኢሽፔን። "ይፈለፈላል ብለሽ ነው?"

"ማን ያውቃል እማማ።"

ይህን እንዳለች ከአሮጌው ፊት አዲስ ፊት ማውጣት እንደሚቻል ታያት። ተነሥታ ጭቃ እንዳይጣበቅበት የቻክን ፊት አመድ ነሰነሰችበት፤ እርጥብ ጭቃ ለጥፋ ተጫነችው፤ ቀስ ብላ ላጠችው። ልጣጩ ደርቆ ሲተኮስ ቅርጽ ማውጫ ሆነላት። በእሱም አዲስ ፊት አትማ ከአዲሱ ማጨሻ ገላ ጋር አያይዛ ተኮሰችው።

ጭቃ ግን ሲደርቅም ሲተኮስም ይኮማተራል። ከምድጃው የወጣው ቻክ አፍንጫው እንደተንጋደደ ሆኖ ፊቱ በጣም አንሷል።

"ውይ፣ አምላካችን ከሳ!" ኢሽፔን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ኢሽኩኩም አልሳቀችም። ካህኑ ካልተቀበሉት ሌላ ሸክላ ሠሪ ቀጥ ያለ አፍንጫ ያበጅና የናፑክ ፊት በዚያው ይቀራል።

በበዓሉ ቀን ካህኑ በቤተ መቅደሱ ደጃፍ ሁለቱን ማጨሻዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩ።

"ልጄ፣ ምነው እንዲህ አነሰ?"

ኢሽኩኩም አንገቷን ደፋች። አማቷ ቀደመቻት።

"ትናንት ተወልዶ አባቱን የሚያክል የት አለ አባታችን? ያብሉት፣ ያድጋል!"

ከኋላ የቆመው ሕዝብ ሳቀ። ካህኑ ኮስተር ለማለት ሞከሩ።

"አፍንጫውስ?"

"እሱማ የዘር ነው።"

ካህኑም ሳቃቸው አመለጣቸው። አሮጌው የሚሰበርበትን መዶሻ ድንጋይም ለኢሽኩኩም አቀበሏት። እሷም አሮጌውን ፊት አንድ ጊዜ በመዳፏ ዳበሰችና ድንጋዩን አንሥታ መታችው። ሲሰበር አላለቀሰችም፤ ስብርባሪውን ሰብስባ በአዲሱ እግር ሥር አኖረችው።

ካህኑ በአዲሱ ማጨሻ ፍም ጨምረው እንደ ዕጣን የሚጨሰውን የኮፓል ሙጫ ጣሉበት። ጭሱ ከትንሹ ቻክ አፍ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ አፍንጫው ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ታጠፈ።