ገል ያለበት መናፈሻ

«ቢተው! ተው፣ እጅህን አንሣ!»

ሰሌዳ ጻፊው ብሩሹን እንደያዘ ዞረ። ወይዘሮ ይማርሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ የመናፈሻውን ዳገት እያለከለኩ ይወጣሉ።

«እትዬ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ያዘዘችኝ ልጅዎ ናት።»

ልጃቸው ዳግማዊት፣ የከተማው የቅርስ ባለሙያ፣ ከሰሌዳው ሥር ቆማለች። መናፈሻው ነገ ጠዋት ይመረቃል። መሬቱ ለአጥር ሲቆፈር አመድና ገል ተዛቀ፤ እናቷና አያቷ እንስራና ድስት የሚተኩሱት እዚህ ነበር። ስለ ነገሥታቱና ስለ ቅዱሳኑ በየድንጋዩ የሚተረክባት ላሊበላ ስለ እነሱ አንድ ቃል የላትም። ያቺን ቃል ለማስገባት ዳግማዊት ከኃላፊዋ ጋር ስትጨቃጨቅ ከርማለች።

«ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

«‹በዚህ ቦታ ሸክላ ሠሪዋ ወለተ ሐና፣ ልጇ ይማርሽም...›»

«በቃ! ለእኅትሽ ለፋና ቅዳሜ ከጋሸና ሽማግሌ ይመጣል። አሸተን ማርያምን ሊሳለሙ ሲወጡ የሚያልፉት በዚህ ነው። በአባቷ የገበሬ ልጅ ናት ብለን ነው የነገርናቸው። የቡዳ ዘር ብለው ይመለሱልሽ?»

«እማ፣ አንድ ቀን መስማታቸው አይቀርም።»

«ይስሙ! ከወለደች በኋላ ይስሙ።»

ቢተው ሳቁን ዋጠ።

«ፋና ራሷ ምን አለች?»

«ማን ጠየቃት?»

«ዕድሜ ልኳን ስትደበቅ ትኑር በያ!»

«አንቺን ምን ቸገረሽ? ተምረሻል፣ ደሞዝ አለሽ። የምትዳረው አንቺ አይደለሽም።»

እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ ደግሞ ዳግማዊትን ይበልጥ አናደዳት።

«እሺ ቢተው፣ ስሞቹን አጥፋ። ኃላፊው ያለውን ጻፍ፤ ‹የአካባቢው ነዋሪዎች ሸክላ ይሠሩ ነበር› በል።»

ቢተው ጨርቁን በቤንዚን ነክሮ ስሞቹን ጠረገ። ሲጽፍ ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ አለው። «የ-አካባቢው ነ-ዋሪዎች...»

«የትኞቹ ነዋሪዎች?» አሉ ይማርሽ።

«እንዲያው የሰፈሩ ሰው ለማለት ነው፣ እትዬ።»

«የሰፈሩ ሰው! የሰፈሩ ሰው ጭቃ ነክቶ ያውቃል? የእናቴን ድስት ገዝቶ፣ እጇን እንዳይነካ ገንዘቡን መሬት ላይ ጥሎላት የሚሄደው ሰው?» ጣታቸውን ወደ ሰሌዳው ቀሰሩ። «ይሄንንም አጥፋው!»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

ይማርሽ ሰሌዳውን አዩ። ቁልቁል ከተማውን አዩ።

«እንጃ። በእናቴ ሥራ ላይ የሌላ ሰው ስም አይቁም። የእናቴም ስም ቢሆን ፋናን ሳልጠይቅ አይጻፍም። እሷ ይሁን ካለች፣ ሽማግሌዎቹ ከሰሌዳ ሳይሆን ከእኔ አፍ ይሰማሉ።»

«እምቢ ካለችስ?» አለች ዳግማዊት።

«ገና ሳልጠይቃት ምን አውቃለሁ!»

የዳግማዊት ስልክ ጠራ። ኃላፊዋ ነው።

«አለቀ ወይ? ነገ እንግዶች አሉብን።»

ዳግማዊት እናቷን አየች። መጠበቅ የማትወድ ልጅ ናት።

«አላለቀም» አለች። «ነገ ያለ ሰሌዳ ይመረቅ።»

«ምን? ምን አልሽ?»

ስልኩን ዘጋችና ወደ ቢተው ዞረች።

«ቀለሙን ክደነው።»