የኮርማው እናት

ቡሬ የእኔ ላም ናት። ስወለድ አባቴ በእትብቴ ስም ጊደር ሰጠኝ፤ እኛ ዘንድ ሀንዱራ ይባላል። ቡሬ የዚያች ጊደር ልጅ ናት። ታዲያ ኮርማ ስትፈልግ መራጩ ማን መሆን ነበረበት? እኔ! አባቴ ኢዶሳ ግን ወደ ባላምባራስ መሸሻ ቀይ ኮርማ ሊነዳት ተነሳ። ነቀምቴ በሙሉ የሚያደንቀው ኮርማ ነው፤ ሻኛው ኮረብታ ያህላል።

«እናቱን አልቤያታለሁ» አልኩ። ክረምቱን እነ ባላምባራስ ቤት ስረዳ ከርሜ ነበር። «እርግጫዋ በዛ እንጂ ወተቷ ለድመት አይበቃም። የአዴ ወርቂቱ ጥቁር ኮርማ ይሻላል። የእሱ እናት ሰፈሩን አጠጥታለች።»

«ያ ከሲታ?» አለ አባቴ።

ጎረቤታችን ዋጋሪ ሳቀብኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ኮርማ ይታለባል እንዴ? ወተት የላሟ ነው!»

«ኦቦ ዋጋሪ፣ ይሄ አፍንጫዬ የማን ነው?»

«ቁርጥ የአያትሽ! የኢዶሳ እናት።»

«በማን በኩል መጣልኝ? አባቴ ተሸክሞልኝ አይደል? እሱ ራሱ ደፍጣጣ ሆኖ!»

ዋጋሪ ሳቁን ዋጠ። አባቴ አፍንጫውን ነካ አደረገና ዱላውን አነሳ።

«አራተኛ ክፍል ደርሰሽ ከብት ልታስተምሪኝ? እሺ! የምትወለደው ጊደር ወተት ካነሳት፣ ያ አንቺን የሚፈልገው የኑኑ ቁምባ ነጋዴ ሽማግሌ ሲልክ አፍሽን ትዘጊያለሽ።»

«ከሞላላትስ? ሽማግሌዎቹን አንተ ትመልሳለህ!» አልኩና ቡሬን ወደ አዴ ወርቂቱ ነድቼ ወጣሁ። በጨለለቂ ሰፈር ሳልፍ፣ ሴት ልጅ ላም ለኮርማ ስትነዳ ያዩ ወንዶች ያፏጩብኝ ነበር። ያፏጩ!

ጥጃዋ ሴት ሆነች፤ ጥቁር፣ ከሲታ፣ እንደ አባቷ። እስክታድግ ድረስ አባቴ ባያት ቁጥር «የኑኑ ቁምባ ሙሽራ» ይለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል ቻልኩት።

ባለፈው ጥቅምት ጥጃዋ ራሷ ወለደች። እንገሩ እንዳለቀ አባቴ ዋጋሪን ጠርቶ በረቱ ደጃፍ ቆመ። እውነቱን ልናገር፣ እርግጠኛ አልነበርኩም። ዘር አንዱን ይሰጣል፣ አንዱን ይዘላል፤ ያ አፍንጫ እንኳ ለእህቴ አልደረሳትም።

አለብኩ። ማለቢያው ሞላ።

«ሌላ ዕቃ!» ብዬ ጮህኩ።

ዋጋሪ እንደ ግንድ ቆሟል። ሄዶ ያመጣልኝ አባቴ ራሱ ነው።

ሽማግሌዎቹ በኅዳር መጡ። አባቴ ከዚያችው ላም ወተት አጠጥቶ መለሳቸው። በማግስቱ ዋጋሪ ላሙን እየነዳ በደጃችን ሲያልፍ አየሁት።

«ወዴት ነው ኦቦ ዋጋሪ?»

«ወርቂቱ ዘንድ» አለ፣ ዞር ብሎ ሳያየኝ።

«ሻኛው ግን ትንሽ ነው እኮ!» አልኩት።