የአናጢው ሚስት እጆች

እናቷ መስማት የተሳናቸው ስለነበሩ፣ እሷ አፏን ከመፍታቷ በፊት እጇን ፈታች። ጎረቤት ሁሉ «ይቺ ልጅ ዲዳ ልትሆን ነው» እያለ ሲያዝንላት፣ እሷ ከእናቷ ጋር በጣቶቿ ስታወራ ትውል ነበር። እናቷ ካረፉ በኋላ ያ ቋንቋ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር ያደረገችው ቤተ ክርስቲያኗ ናት። እሁድ እሁድ ከመድረኩ ጎን ቆማ፣ መጋቢው የሚሰብኩትን በእጇ ታስተረጉማለች። ምእመኑ «እጀ ወርቅ» ይላታል።

ፊት ለፊቷ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ መጀመሪያ የሚቀመጡት መስማት የተሳናቸው አንድ አናጢና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። ኋላ ወንበሩን የሞላው አናጢው ነው። ገበያ ሲወጣም ሆነ እንጨት ሲገዛ፣ መስማት የማይችል ሰው አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ክንዱን ነካ ያደርግና በእጁ «እሁድ ከእኛ ጋር ና፤ የምታወራው ሰው አታጣም» ይለዋል። የሰማዩን ነገር የሚያነሳለት ውሎ አድሮ ነው። አንድ እሁድ የድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ ምእመኑ አንገቱን አስግጎ ሲቸገር፣ አናጢው ወደ ኋላ ዞረና «ዛሬ እናንተም እኛን ሆናችሁ» አለ በእጁ። እጀ ወርቅ ጮክ ብላ ስትተረጉመው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ያ አዳራሽ ግን እያደር ሳሳ። ወጣቶቹ እሁድም ሥራ ይገባሉ፤ ኪራይ የከበደው ደግሞ ሰፈሩን ለቆ ሩቅ ወጣ። መጋቢው ይህን እያሰቡ እንቅልፍ ያጡ ነበር። አንድ ቀን ቢሮአቸው ጠርተው አስቀመጧት።

«ልጄ፣ ዓለሙ ተለውጧል» አሏት። «ድሮ በር እያንኳኳን ነበር የምንመሰክረው። ዛሬ በር የሚከፍትልን የለም፤ ስልኩን ግን ሁሉም ያነሳል። የጨነቀው ሰው የሚደውልበት መስመር እንክፈት ብለን ከሽማግሌዎቹ ጋር ተስማምተናል። ያንቺ ድምፅ ደግሞ ያረጋጋል።»

«የእኔ ሰዎችስ? ያ ወንበርስ?»

«እነሱማ ቤተኞች ናቸው። ሌላ አስተርጓሚ እስክናሠለጥን ትንሽ ይታገሡናል።»

ቤተኛ መቼም ይታገሣል ብላ እሺ አለች።

ሥራውንም ወደደችው። ባለ መስታወት በር የሆነች ጠባብ ክፍል ሰጧት፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትውላለች። ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ትደውላለች። ከሥራ መባረሩን ለቤቱ መንገር ያቃተው ሰው ይደውላል። እሁድ እንዲያውም ጥሪው ይብሳል። በእሷ ቦታ የሚቆም አስተርጓሚ ግን ሳይገኝ ቀረ። አናጢውና ሚስቱ ጥቂት እሁዶች መጥተው የመጋቢውን አፍ ሲያዩ አርፍደው እንደሄዱ ሰማች። ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ እያለች፣ ዛሬ ነገ ስትል ጊዜው ነጎደ።

አንድ ጠዋት አናጢው መጥቶ መስታወቱን በጣቱ ቆረቆረ። ቀና ስትል «እህቴ፣ ፈልጌሽ ነው» አላት። መስመሩ ላይ ደግሞ «መኖር መሮኛል» የሚል ልጅ እግር ነበር። ከእሱ ጋር እያወራች፣ በአንድ እጇ «ቆየኝ ወንድሜ» አለችው። ግድግዳውን ተደግፎ ቆያት። ልጁ እንደምንም ተረጋግቶ ሲዘጋ፣ ወዲያው ሌላ ስልክ ጠራ። ናፍቄው ሊጫወት ነው የመጣው፤ ይቺን ብቻ ልጨርስ ብላ አነሳችው። ደግማ ቀና ስትል መተላለፊያው ላይ ማንም አልነበረም።

በማግስቱ ለቀብር እንድታስተረጉም ተጠራች።

«የማን ቀብር?» አለች።

«የአናጢው ሚስት» አሏት።

የሆነውን ነገሯት። ሴትየዋ ሆዷን ሲቆርጣት አድሮ፣ ባሏ ጠዋት ሐኪም ቤት ወስዷት ኖሯል። ሐኪሞቹ የሚጠይቁት አልገባው ሲል እጀ ወርቅን ፍለጋ ሮጠ፤ ብቻውንም ተመለሰ። እሷ ብትደርስ ኖሮ ሴትየዋ ትተርፍ እንደነበር የነገራት ሰው የለም። አትተርፍም ነበር ብሎ ያጽናናትም የለም።

መቃብሩ ዳር መጋቢው መናገር ሲጀምሩ፣ ከማዶ ቆማ እጇን አነሳች። አናጢው አንዴ አያትና ዓይኑን ጨፈነ። የመጋቢው ቃል እስኪያልቅ አልገለጠውም። እሷም እዚያው እንደቆመች እስከ መጨረሻው አስተረጎመች።

ከቀብር ሲመለሱ መጋቢው «እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሏት።

«እግዜርን አይጥሩብኝ መጋቢ። ቤተኛ ነው ብለን በር ላይ ያቆምነው እኛ ነን።»

ሰፈሩ መግቢያ ላይ ሲደርሱ መጋቢው ቆሙ። «መስመሩን ልዝጋው?» አሏት በመጨረሻ።

«አይዝጉት» አለች። «ያ መኖር መሮኛል ያለው ልጅ ዛሬ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትወጣ ወደ አናጢው ሥራ ቤት መሄድ ጀመረች። የእንጨቱን ፍቅፋቂ ጠረግ አድርጋ ጉማጅ ላይ ትቀመጣለች፤ እሱ ቀና ብሎ ሳያያት መላጊያውን ይገፋል። ሲመሽ ተነሥታ ትሄዳለች። በነጋታው ትመለሳለች። እንዲህ ሲሆን ከርሞ፣ አንድ ቀን መላጊያውን አስቀመጠና ወደ እሷ ዞረ።

«ግራ እጇ ላይ መርፌ ሰክተው በፕላስተር ጠፈሩት» አላት። «ቀኝ እጇን ደግሞ፣ መርፌውን ትነቅለዋለች ብለው ከአልጋው ጋር አሰሩት። እያወራቻቸው እኮ ነበር። የት የት እንደሚያማት እየነገረቻቸው ነበር። እነሱ የምትወራጭ መሰላቸው። አፏን አሰሩት፣ እህቴ።»

ይቅር በለኝ ልትል እጇን አነሳች። አናጢው ሁለቱንም እጆቿን ያዘና ቀስ አድርጎ ጭኗ ላይ መለሳቸው። ከዚያ ወደ እንጨቱ ዞረ።

ያ ወንበር ዳግመኛ አልሞላም። አዲስ አስተርጓሚ ተገኝታ ከመድረኩ ጎን ብትቆምም የሚያያት አልነበረም። ሰዎቹ እሁድ የሚሰበሰቡት አናጢው ሥራ ቤት ነው፤ ቃሉን የሚያካፍላቸውም እሱ ሆነ። እጀ ወርቅ የእሁዱን ስልክ ለሌላ ሰው አስረክባ እዚያ መሄድ ጀመረች። ዳር ትቀመጣለች። የምታስተረጉመው የለም።

አንድ እሁድ ከሚሰበሰቡት አንዷ፣ ልብስ አጣቢ፣ የሆነ ወሬ ስታወራ፣ ስልክ እንደያዘ ሰው ጭብጧን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አፏን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረገች። ሁሉም ሳቁ። እጀ ወርቅ ምልክቱን አታውቀውም።

«ምን ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው» አለቻት አጣቢዋ፣ ምንም ተንኮል ሳታስብ። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ያወጣንላት።»

እጀ ወርቅም አብራቸው ልትስቅ ሞከረች። ጸሎቱ እስኪያበቃ ራሷን ገታች። ቤቷ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ግን እናቷ የሞቱ ቀን እንዳለቀሰችው አለቀሰች። ሰኞ ጠዋት ፊቷን ታጥባ ወደ ስልኩ ሄደች።