ዝላትካ በጥቁር ክፈፍ

...ሰማያዊውን ሸሚዝ ነበር የምትተኩሰው፣ ስልኩ ሲጠራ፣ ከሆስፒታል፣ ወይዘሮ ዝላትካ ቁጭ ብለዋል ወይ አለቻት ነርሷ፣ ኧረ ቆሜ እየተኮስኩ ነው አለች፣ እንደ ሞኝ፣ እንግዲያው ካውያውን ያጥፉት፣ አጠፋችው፣ ባሏ ስቶይመን ሞቷል፣ መርዶው የደረሳት እንዲህ ነው፣ ካውያ አስጠፍተው፣ ሸሚዙም አንድ እጅጌው ሳይተኮስ አብሮት ተቀበረ፣ ማን ያያል፣ ኮት ይሸፍነዋል። ይኼን አሁን ምን አሳሰባት? የመጣችው ሲቪ ልታሠራ ነው። ሲቪ።

የከተማዋ፣ የትሮያን፣ ቤተ መጻሕፍት አንዲት ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ማመልከቻው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ካልሆነላት እህቷ ጀርመን አገር ቦታ ይዛላታለች፣ የማታውቃቸውን ሽማግሎች ልታጥብ፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፣ ቋንቋውን ሳታውቅ፣ ቤቷን ዘግታ፣ መቃብሩንስ ማን ያጠጣዋል፣ አበባውን ማለቷ ነው፣ ስቶይመንማ ውኃ አይወድም ነበር።

ኪሮ ኮምፒዩተሩ ላይ አጎንብሷል። በከተማው ሰው ሲሞት የመርዶ ወረቀት የሚያትመው እሱ ነው፣ ፎቶ፣ ስም፣ ከላይ መስቀል፣ ዙሪያውን ጥቁር ክፈፍ፣ ከዚያ በየበሩና በየምሰሶው መለጠፍ፣ የስቶይመንን የቀብሩን፣ የአርባውን፣ የመንፈቁን፣ የሙት ዓመቱን ሁሉ ያተመላት እሱ፣ እሷ ሌላ ማተሚያ ቤት አታውቅም፣ እሱም ሌላ ሥራ የሚያውቅ አይመስልም።

እትዬ ዝላትካ፣ ፎቶው ይኼ ይሁን? ይሁን። ፈገግ ብለሻል፣ ጥሩ ነው፣ ቤተሰብ ይወደዋል። የምን ቤተሰብ፣ የምታየው የቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር ናት። የተወለድሽበት ዓመት? ስልሳ ሦስት። ከዚያስ? ከዚያስ ምን? የኪሮ ጣት ሰረዙ ላይ ቀጥ ይላል፣ ይቅርታ እትዬ፣ እጄ ለምዶ ነው።

ወረቀቱ እንደሞቀ ይወጣል። አምላኬ። ዝላትካ ዶይኖቫ፣ ከላይ መስቀል፣ ዙሪያዋን ጥቁር፣ ታታሪ፣ ታማኝ፣ ከሰው ተግባቢ፣ ሰው እንዲህ ጥሩ የሚሆነው ሲቪና መርዶ ላይ ብቻ ነው፣ ስቶይመን እንኳ በወረቀቱ ትዕግሥተኛ ተብሏል፣ ስቶይመን! ሾርባ ሲዘገይበት ጎረቤት የሚሰማው ሰው። ፎቶዋ ግን አምሯል፣ ሞት ተስማምቷታል፣ እንደዚህ ሆና የሚቀጥራት ይኖራል? ገነት ምናልባት።

ክፈፉን አንሣው ኪሮ። እንዴ፣ ግርማ ሞገስ ሰጥቶሽ? አንሣው አልኩህ። መስቀሉንስ ልተወው? አንተ ሰውዬ!

ግን ሁለት ቅጂ ነበር የወጣው፣ አንዱ እጇ ላይ ነው፣ ሌላውስ? መስኮቱ። ለጥፎታል፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ፣ የለመደ እጅ። ውጭ ጎረቤቷ እማማ ሚትራ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ያማትባሉ፣ አወይ ልጄን፣ ትናንት እኮ ጎመን ስታማርጥ ነበረች፣ ያየሁትን ጎመን ከእጄ ነጥቃኝ ሄደች፣ ይቅር ብያታለሁ፣ እግዜርም ይቅር ይበላት። ዝላትካ በሩን ትከፍታለች፣ እማማ፣ አለሁ። ሚትራ ከወረቀቱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ወረቀቱ፣ አለሽ? አለሁ፣ ሥራ እያመለከትኩ ነው። በዚህ? ተሳስቶ ነው እማማ። እንግዲያውስ ጎመኔን መልሺ!

ሳቋ ያመልጣታል፣ አፏን ብትይዘው በአፍንጫዋ ይወጣል፣ ኪሮም ይስቃል፣ መቼ ነበር እንዲህ የሳቀችው፣ መሳቅ ይፈቀዳል? ጥቁር ለብሶ? አምስት ሰዓት ተኩል። ቶሎ በል።

ከ1985 እስከ 2014 የልብስ ስፌት ፋብሪካ የመጋዘን ጸሐፊ፣ ይላል ኪሮ፣ ጥሩ፣ ጨርቅ በቀለም፣ መጽሐፍ በፊደል፣ መደርደር ያው መደርደር ነው፣ ከዚያ ግን እስከ 2018 ባዶ፣ እትዬ፣ አራት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር? ቀዳዳ አይወዱም፣ የግል ሥራ እንበለው? ሥልጠና እንበለው?

ምን ስትሠራ ነበር። ማንሣት፣ ማገላበጥ፣ ኪኒን በሰዓቱ፣ አንሶላ፣ እንደገና አንሶላ፣ ከሰዓት ደግሞ ዓይኑ ማንበብ ስላቃተው ትራሱ አጠገብ ተቀምጣ ጮክ ብላ፣ ከዚሁ ቤተ መጻሕፍት እየተዋሰች፣ የወንጀል ታሪክ ይሻለዋል፣ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ገዳዩ ሐኪሙ ነው ይላታል፣ ሐኪሙ ሳይሆን ሲቀር ደራሲው ነው የተሳሳተው፣ መጨረሻ መጨረሻ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ካቆመች ይነቃል፣ ቀጥይ እንጂ፣ እየሰማሁ ነው፣ ታሪኩን ሳይሆን ድምፅዋን ብቻ፣ ይኼ ሥልጠና ነው? የግል ሥራ ነው?

ጻፍ ኪሮ። ምን ልጻፍ? ከ2014 እስከ 2018 ለታመመው ባለቤቴ ለስቶይመን አነበብኩ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት መጽሐፍ፣ የአንዱንም መመለሻ ቀን አላሳለፍኩም፣ መዝገባችሁን እዩ። ኪሮ ቀና ብሎ ያያታል፣ ይጽፋል። ከታችስ፣ ከሰላምታ ጋር? የለም፣ እንዲህ በል፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ቀጠራችሁኝም አልቀጠራችሁኝም። ይኼ እኮ ሲቪ ነው እትዬ። አውቃለሁ፣ ጻፍ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ስቶይመን ዶይኖቭን፣ በስሙ ጠርታችሁ፣ ነፍስ ይማር በሉልኝ።