ሲዲውን የተካው ፋይል

ልቅናሽ የአባቷን የዳኜን ድምፅ ከሰማች ስድስት ዓመት አልፏታል። ሽማግሌው ከማረፋቸው በፊት ኢሪት የምትባል ተመራማሪ ሰፈራቸው ቂርያት መናሔም ድረስ መጥታ፣ ወደ ቅድስት አገር ሲሰደዱ በሱዳን በኩል ያደረጉትን የእግር ጉዞ አስተርካ ቀድታቸው፣ ሲዲም ትታላቸው ነበር። ሲዲው ግን ገና ሳይደመጥ ቤት ሲቀይሩ ተሰነጠቀ። ልቅናሽ ኢሪትን አፈላልጋ ብትደውልላት፣ «አይዞሽ፣ ቅጂ አለኝ» ብላ በፍላሽ አንድ ፋይል ላከችላት። ፋይሉ ግን አልከፈት አለ። አንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝም «ተበላሽቷል፣ ተይው» አላት።

እሷ ግን አልተወችም። እዚያው ከተማ ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ጎዳና፣ ከኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ማዶ፣ የብራና መጻሕፍትን ፎቶ እያነሳ በኮምፒዩተር የሚያስቀምጥ ሮቤል የሚባል ሽበታም ሰው መኖሩን ሰምታ ሄደች።

ሮቤል ፋይሉን አየና ፈገግ አለ። «ምኑም አልተበላሸ፣ እህቴ። ሲዲው ነው ከነሙሉ ይዘቱ በአንድ ፋይል የተገለበጠው። የሚከፈተውም እንደ ሲዲ ነው።»

«ኮምፒዩተሬ እኮ የሲዲ ማስገቢያ የለውም፣ ጋሼ!»

«አያስፈልገውም። ሲዲ ገብቶልሃል ብለን እናሳምነዋለን።»

ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ማውንት» የሚለውን መረጠ። ወዲያው አዲስ የሲዲ ድራይቭ በስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ በውስጡ አራት የድምፅ ቅጂዎች አሉ። የመጀመሪያውን ሲከፍተው አባቷ ሳል አሉና ጀመሩ፦

«ድንበሩ ሳንደርስ ወባ ጣለኝ። ልቅናሽ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከመነሳታችን በፊት አርፋለች። ማን ይሸከማት? የጎረቤታችን ልጅ አስካለች፣ ገና አሥራ ስድስት ያልሞላት፣ አሥራ አንድ ቀን አዝላት ሱዳን ገባች። ለልጄ እስከ ዛሬ አልነገርኋት፤ አፈርሁ።»

ልቅናሽ ክው አለች። ዕድሜ ልኳን በአባቷ ትከሻ የመጣች ነበር የሚመስላት። አስካለች ደግሞ እዚያው ሰፈሯ፣ ከሁለት ሕንፃ ወዲያ የምትኖር፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰላምታ ተለዋውጠው የሚተላለፉ ሴት ናት።

ሮቤል ቅጂዎቹን ስልኳ ላይ ጫነላት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ምን እንዳደረጉልኝ አያውቁትም» አለችና እንባዋን እየጠረገች ወጣች።

ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ የአስካለችን በር አንኳኳች። በሩ ሲከፈት ተንበርክካ ጉልበቷን ሳመች።

«እትዬ አስካለች፣ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንቺ ልጅ፣ ተነሽ! ምኑን?»

«አዝለው እንዳመጡኝ።»

አስካለች ክንዷን ይዛ አነሳቻት። «አባትሽ እንዳይከፋው ብዬ ነዋ። ደግሞ ብቻዬን አዝዬሽ አይደለም፤ ሳለቅስ አንቺም በትንሽ እጅሽ አንገቴን ትደባብሺኝ ነበር።»

ከዚያ እጇን ይዛ አስገባቻት። «በይ እስኪ፣ የዳኜን ድምፅ አሰሚኝ» አለች። አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አራቱንም ሰሙ።